መሀል አዲስ አበባ ላይ የጋራ መሥሪያ ቦታ እንዴት እንክፈት? ያልመጣውን ሰው እያሰብን

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ደጋግሜ የማያት ልጅ አለች። ሁሌ የምትይዘው ሶኬት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ነው። አንድ ማኪያቶ ታዛለች። ማኪያቶው ካለቀ ቆይቷል፤ ብርጭቆው እንዲነሳ ግን አትፈልግም። ግርጌው ላይ አረፋ የደረቀበት ያ ብርጭቆ የመቀመጫ ፈቃዷ ነው። አስተናጋጁ መጥቶ «ምን ልጨምር?» ሲላት ወደ ላፕቶፗ ታቀረቅራለች።

አንድ ቀን ሶኬት ስንጋራ አጫወተችኝ። የልብስ ዲዛይን ትሠራለች። ደንበኞቿ የሚያዟት በቴሌግራም ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ አምስት ሆነው ይኖሩበታል። «ለምን አብርሆት አትሄጂም? ቅርብ ነው» አልኳት። «እሄዳለሁ። ግን ደንበኛ ሲደውልልኝ ማውራት አልችልም። ጨርቅም መዘርጋት አይቻልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ለብዙ ወጣት ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ቤተ መጻሕፍት ግን ለንባብ ነው የሚሠራው። እሷ የምትፈልገው የሥራ ቦታ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ቦታ መክፈት ለምታስቡ ነው። ገንዘብ ኖሯችሁ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባዶ ክፍል፣ ወይም ሐሳቡ ብቻ። ኮዎርኪንግ ስፔስ፣ ማለትም የየራሱ ሥራ ያለው ሰው ጠረጴዛና ኢንተርኔት ተጋርቶ የሚሠራበት ቦታ፣ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሶፋው፣ የግድግዳው ቀለምና የቡና ማሽኑ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየደረጃው ያልመጣውን ሰው አስቡ። ለምን አልመጣም? የታክሲ ብር አጥቶ ነው? ደረጃው ከብዶት ነው? ሰዓቱ አልተመቻት ይሆን? በሩ ላይ ተመልሳስ ቢሆን?

1. መጀመሪያ ሰዎቹን፣ ቀጥሎ ቤቱን

ኮዎርኪንግ በሚል ስም ይህን ነገር የጀመረው ብራድ ኒውበርግ የተባለ ፕሮግራመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራበት ክፍል ተከራየ። ጠረጴዛ ዘረጋ፣ ጠበቀ። በመጀመሪያው ወር አንድም ሰው አልመጣም። ሰው የመጣው እሱ ራሱ ወጥቶ መጋበዝ ሲጀምር ነው። እኛም ከተማ ቤቱን ቀድሞ ተከራይቶ ሰው የሚጠብቅ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ ኪራይ ደግሞ አንድ ወር መጠበቅ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ስለዚህ ደብተር ግዙና ውጡ። ግባችሁ 15 ሰው ማግኘት ነው። አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ ተመራቂዎች አሉ። ሜክሲኮ አጠገብ ተግባረ ዕድ አለ። በብዙ ወረዳ የወጣት ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው፤ ሄዳችሁ አባሎቻቸውን አነጋግሩ። ቤቷ ውስጥ ኬክ ጋግራ በቲክቶክ የምትሸጥ አለች። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ኮድ የሚማር አለ። የእናንተ ጓደኞች ብቻ ከሆኑ 15ቱ አልተገኙም ማለት ነው።

ስታነጋግሯቸው «ምን ትፈልጋላችሁ?» አትበሉ። ሁሉም «ዋይፋይ» ነው የሚላችሁ። ስለ ትናንት ጠይቁ። ትናንት የት ሆነሽ ሠራሽ? ለዚያ ስንት ብር ወጣ? ስንት ሰዓት ላይ ተነሳሽ፣ ለምን? ማታ ስንት ሰዓት ቤት መግባት አለብሽ? ከአንተ ጋር የሚመጣ፣ የሚያግዝህ ሰው አለ? ልጁን ማን ይይዝልሻል? መልሱን እንዳለ ጻፉት። ያ ደብተር በኋላ ከየትኛውም የቢዝነስ ፕላን ይበልጥ ይጠቅማችኋል። እስከ መጨረሻው አትጣሉት።

2. በዕድር ቤት ሞክሩት

ይህን ምክር ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። መሀል ከተማ ውስጥ የቆዩ ዕድሮች አሉ። ወንበር አላቸው፣ ጠረጴዛ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የራሳቸው ቤት ወይም አዳራሽ አላቸው። ብዙውን ቀን ተዘግቶ ይውላል። ለስምንት ሳምንት፣ ቅዳሜና አንድ የሥራ ቀን፣ እዚያ ሞክሩት።

ከሊቀመንበሩ ጋር የሚደረገው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ልጆቹ እዚህ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠሩት። ሁከት የለም።»

«መብራቱንስ ማን ይከፍላል?»

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ስትገቡ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ስትወጡም ጻፉ። ልዩነቱን በየሳምንቱ ክፈሉ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ራሳችሁ ሙሉት። ለቅሶ በመጣ ቀን ቦታው የዕድሩ ነው። ሳትጠየቁ አንሱና ልቀቁ፤ እንዲያውም ወንበር በማውጣት አግዙ። አንድ የዕድር አባት «እነዚህ ልጆች ደህና ናቸው» ካሉላችሁ፣ ሰፈሩ ውስጥ ልጃቸውን ወደ እናንተ ለመላክ የሚያመነቱ እናቶች ይቀንሳሉ። በተለይ ሴት ልጅ ላላቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በስምንቱ ሳምንት ውስጥ ሦስት ነገር ታውቃላችሁ። ማን ደጋግሞ እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ፣ ምን እንደሚጎድል። ዕድር ካላገኛችሁ የወረዳውን የወጣት ማዕከል ጠይቁ።

3. ቦታ ስትመርጡ

ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ዳር አትውጡ። ከአያት የሚመጣውም ከቃሊቲ የሚመጣውም በአንድ ጉዞ የሚደርስበት ቦታ ፈልጉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው። አንዱ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል፣ ሌላው ደቡቡን ይዞ ቃሊቲ ይደርሳል። ሁለቱ አንድ ሐዲድ የሚጋሩት ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ላይ ነው፤ ለገሃር፣ ሜክሲኮና ተግባረ ዕድ መሀሉ ላይ ናቸው። ከእነዚህ ጣቢያዎች በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቅ ቤት ለብዙ ሰው አንድ ታክሲ ይቀንስለታል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር ሃያ ምናምን ቀን ሲባዛ የሚተርፈው ብር ትንሽ አይደለም። ባቡሩ ቢዘገይ እንኳ በዚያ በኩል ታክሲም አውቶቡስም አለ።

ቤቱን ለማየት ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ። ማታ ስትሄዱ አንዲት እህታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከታክሲ መያዣው እስከ በሩ እሷ ቀድማ ትሂድ። የት ጋ እንደፈጠነች፣ የት ጋ ዞር ብላ እንዳየች ተመልከቱ። መንገዱ ከጨለመ የምሽት ፈረቃችሁ የወንዶች ብቻ ይሆናል።

ከዚያ እነዚህን ተመልከቱ። ምድር ቤት ይሻላል። ፎቅ ከሆነ ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የአከራዩን ቃል ከመውሰድ የሕንፃውን ተከራዮች ብትጠይቁ ይሻላል። መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ ይቆለፋል? አምፖል አለው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ አለ? ስንት ሊትር ይይዛል? ስልካችሁን አውጥታችሁ ኔትወርኩን ክፍሉ መሀል ላይ ቆማችሁ ሞክሩ፤ በረንዳ ላይ ሁሉም ይሠራል። ስፋቱን ስታሰሉ መተላለፊያውን ጨምሮ ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ገደማ ያዙ። 30 ወንበር ካሰባችሁ 120 ካሬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንም አያስታውሳችሁም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ፒያሳና ካዛንቺስ ምን ያህል እንደተለወጡ ሁላችንም አይተናል። ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃው በልማት ፕላን ውስጥ እንዳለና እንደሌለ ክፍለ ከተማው ድረስ ሄዳችሁ አጣሩ። ደላላው «ችግር የለም» ቢላችሁም አጣሩ።

4. ውሉና ወረቀቱ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ የመኖሪያ ቤትን ነው የሚመለከተው። ለቢሮና ለሱቅ ኪራይ አይከላከልላችሁም። ስለዚህ መከላከያችሁ ውሉ ራሱ ነው። ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ጠይቁ። የጭማሪው መጠን ቁጥሩ ይጻፍ። ቤቱን ለሌሎች በቀንና በወር ማከራየት እንደምትችሉ በግልጽ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ አከራዩ አንድ ቀን ተነስቶ «ለማን ነው ያከራየኸው?» ሊል ይችላል። ቤቱ ለልማት ቢፈለግ የከፈላችሁት ቅድመ ክፍያ እንዴት እንደሚመለስም ይጻፍ። ከዚያ ውሉን ሁላችንም ውልና ማስረጃ በምንለው ቤት አስመዝግቡት።

የሕግ መልኩን በተመለከተ ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንዱ ንግድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ በ15,000 ብር ካፒታል ይቋቋማል፤ ለብቻችሁ ከሆናችሁም ባለ አንድ አባል የሚባለው አለ። ሌላው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ነው። ድርጅቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ትርፉን ግን አባላት አይከፋፈሉትም። ለጋሽ ላይ ልትመሠረቱ ካሰባችሁ ሁለተኛው ይሻላል። እኔ ግን የወንበር ኪራይ ዋና ገቢያችሁ ከሆነ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ሪፖርት የምትጽፉት ለአባሎቻችሁ ይሆናል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅም በሩ አይዘጋም።

5. መብራትና ኢንተርኔት

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ብዙ ቦታ የሚወድቀው እዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው ኢንተርኔቱ ነው። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ጄኔሬተር ከማሰባችሁ በፊት ለራውተሩና ለፋይበር ሳጥኑ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባትሪ፣ ግዙ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚወስዱት ከ30 ዋት ብዙም አይበልጥም። በዚህች ብቻ አብዛኛውን አጭር የመብራት መጥፋት ማንም ሳያውቀው ታልፉታላችሁ። ከመነሻው ወጪ ሁሉ ትንሹ ይሄ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ቀጥሎ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ሶኬት ላይ ወደሚሠራ መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 20 ላፕቶፕ፣ እያንዳንዱ 60 ዋት ቢወስድ 1,200 ዋት። አሥር ባለ 10 ዋት አምፖል 100 ዋት። ራውተሩን ጨምሩና 1,330 ዋት በሉት። ለሦስት ሰዓት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ሁለት አይበቃም፤ አራት ያስፈልጋል። ሻጩ ሁለት ይበቃችኋል ካለ ይህን ሒሳብ አሳዩት። ሊቲየም የሚባለው አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጣል፣ ረጅም ጊዜም ያገለግላል፤ ሲገዛ ግን ይወደዳል። ጄኔሬተር ካላችሁ ጭሱና ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ አስቡ።

ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አትሰኩ። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ በየጠረጴዛው ሶኬት አዘርጉ። ይህ የእሳት ጉዳይ ነው።

ለኢንተርኔት ዋናው መስመር ፋይበር ይሁን። ሁለተኛ ደግሞ ከሌላ ኦፕሬተር ሲም የሚወስድ ራውተር ይኑራችሁ። ዋናው ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ መጠባበቂያው ሳፋሪኮም፣ ወይም በተቃራኒው። አንድ የቪዲዮ ስብሰባ ከ2 እስከ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበላል። ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ቢደውል 18 ነው። ሌላውን ሥራ ጨምራችሁ ለ20 ሰው ከ30 እስከ 50 ሜጋ ብታስቡ መነሻ ይሆናል። ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የፍጥነት ጣሪያ አስቀምጡ። ካልሆነ አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላዋ የሥራ ቃለ መጠይቋ ይቋረጥባታል። የስልክ ማውሪያ አንዲት ጠባብ ክፍል ከሌላችሁ፣ በሳጠራም ቢሆን ከፋፍላችሁ ሥሯት። ለዚያች ክፍል ሰው ሲሰለፍ ታያላችሁ።

6. ክፍሉን ስታዘጋጁ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ወረቀት ላይ አለ። እናንተ ግን መሬት ላይ አድርጉት። በሩ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። መወጣጫው ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። በራፉ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ደረጃ ብቻ ቢኖር መወጣጫው 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። አናጺ ባጭሩ ሊገላግላችሁ ይፈልጋል፤ እሺ አትበሉ። አጭርና ቀጥ ያለ መወጣጫ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ውስጥ ደግሞ ዊልቸር ዙሮ የሚወጣበት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ቦታ ተዉ። መጸዳጃ ቤቱንም በዚያው ለኩ፤ ገብቶ መዞር የማይችልበት ቤት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ እንዲውል ያደርገዋል።

ማየት ለተሳነው ሰው አንድ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ጫኑ። ነጻ ነው። ኢስፒክ ከሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ጋር አማርኛም ያነባል። ድምፁ የሮቦት ነው፣ ግን ይሠራል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አብራችሁ ግዙ። ወንበርና ጠረጴዛ በየቀኑ ቦታ አትለዋውጡ፤ ክፍሉን በቃሉ የያዘ ሰው አለ።

መስማት ለተሳናቸው፣ መሰብሰቢያው ክብ ጠረጴዛ ይሁንና ሁሉም ፊት ለፊት ይተያዩ። የሚናገረው ሰው መስኮት ጀርባው ላይ አድርጎ አይቀመጥ፤ ፊቱና እጁ ይጨልማል። በወር ለአንድ ሥልጠና እንኳ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በጀት ያዙ።

ልጅ ያላት እናት ጥግ ትፈልጋለች። ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ ጥቂት መጫወቻ፣ ከበሩ የራቀ ቦታ። ስድስት ካሬ ይበቃል። መጸለያ የሚሆን ትንሽ ንጹሕ ቦታም ቢኖር ጥሩ ነው። ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሥልጠና አታድርጉ።

ቡናውን ደግሞ ማሽን አትግዙ። ጀበና የምታፈላ አንዲት ሴት ጥግ ስጧት፤ ኪራይ አትጠይቋት። እሷም ሥራ ፈጣሪ ናት። ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቡና ሲፈላ ሁሉም ከላፕቶፑ ቀና ይላል። የቆዳ ቦርሳ የሚሠራው ልጅ ዌብሳይት የምትሠራውን ልጅ የሚተዋወቀው በመድረክ ላይ መርሐ ግብር ሳይሆን እዚያ፣ በርጩማ ላይ ነው።

7. ሂሳቡ

የሚከተለው ቁጥር ለማሳያ ነው፤ በራሳችሁ ኪራይ ተኩት። ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ደመወዝና ጽዳት ተደምሮ በወር 90,000 ብር ወጪ አላችሁ እንበል። 30 ወንበር አለ። አሥሩን መክፈል ለማይችሉ ነጻ አድርጉ። ከቀሩት 20 ውስጥ 15ቱ ብቻ ይሞላሉ ብላችሁ አስቡ፤ ሁሉም ይሞላል ብሎ ማቀድ አደጋ ነው። በወንበር 3,500 ብር ብታስከፍሉ 52,500 ይገባል። 37,500 ይጎድላል። አዳራሹን በወር አራት ቅዳሜ ለስብሰባና ለሥልጠና በ5,000 ብታከራዩ 20,000። የቀረው 17,500 ነው። ይህ የአምስት ወንበር ዋጋ ነው። «አምስት ወንበር ስፖንሰር አድርጉልን» ብሎ አንድ ድርጅት መጠየቅ «ድጋፍ አድርጉልን» ከማለት በጣም ይቀላል። የሚከፍሉትን ያውቁታል፤ መጥተውም ያዩታል።

የቀን ትኬትም ይኑር። ወር ሙሉ መክፈል የማይችል ሰው ለአንድ ቀን ግን ይችላል። በቴሌብር፣ በኤምፔሳ ተቀበሉ፤ በጥሬ ብርም ተቀበሉ።

አሁን ስለ ነጻ ወንበሩ። ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ደብዳቤ አትጠይቁ። ያንን ደብዳቤ ለማምጣት ሦስት ቀን የምታጠፋው ልጅ ሦስት ቀን ሥራ አልሠራችም። ደብተራችሁን ተመልከቱ፣ አነጋግሯት፣ ለሦስት ወር ስጧት፣ ከዚያ አብራችሁ ገምግሙ። ከፋዩም ነጻ ተጠቃሚውም አንድ ዓይነት መታወቂያ ይያዙ። ማን ይከፍላል፣ ማን አይከፍልም የሚለውን የሚያውቀው ሒሳብ ያዥዋ ብቻ ትሁን። ስፖንሰር ልጆቹን አሰልፎ ፎቶ ማንሳት ከፈለገ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። የምትመዘግቡትን መረጃም አታብዙ። ስም፣ ስልክ፣ የሥራው ዓይነት ይበቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሰው መረጃ ተሰብስቦ የትም አይጣልም።

8. በሩ ላይ ያለው ሰው

የቦታችሁ የመጀመሪያ ሠራተኛ ጥበቃው ነው። ይህን በደንብ ያዙልኝ። አንድ ልጅ ደፍሮ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ አድራሻ ጠይቆ ይመጣል። ጫማው አቧራ ነው። በሩ ላይ «ወዴት ነው?» ይባላል። ድምፁ ካጠረ፣ ፊቱ ከተኮሳተረ፣ ልጁ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛ አይመጣም። እናንተም መምጣቱን አታውቁም።

ስለዚህ የሕንፃው ጥበቃ የሌላ ሰው ቅጥር ቢሆንም እንኳ ቀርባችሁ አውሩት። ቡና ጋብዙት። ውስጥ አስገብታችሁ ምን እንደሚሠራ አሳዩት። «ማንም ልጅ ቢመጣ እኛ ጋ ነው፤ አስገባልን» በሉት። በብዙ ሕንፃ ላፕቶፕ ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል። ለአባሎቻችሁ የላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ስጡ፤ በየቀኑ ከመጠየቅ ይገላግላቸዋል።

ውስጥ ደግሞ የምትቀበል አንዲት ሰው ትኑር። የቴክኖሎጂ ሊቅ መሆን የለባትም። ስም የምትይዝ፣ ቀድማ ሰላም የምትል፣ አዲሱን ሰው ወስዳ ከአንድ ነባር ሰው ጋር የምታስተዋውቅ ትሁን። አፋን ኦሮሞም የምትናገር ከሆነች እሰየው። ደመወዟን ከሶፋ በጀት ቀንሳችሁም ቢሆን በደንብ ክፈሏት።

ደንቡ አጭር ይሁን፣ በአንድ ገጽ። ስልክ የት እንደሚወራ፣ ምግብ የት እንደሚበላ፣ ወንበር በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ። ትንኮሳን በተመለከተ ግን አታሳጥሩ። ለማን እንደሚነገር፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ፣ ምን እርምጃ እንደሚወሰድ ይጻፍ። አቤቱታ ተቀባዮቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዷ ሴት ትሁን። አጥፊው ትልቅ ስፖንሰር ወይም ታዋቂ አሠልጣኝ ቢሆንም ደንቡ አንድ ነው።

9. በሳምንት አንድ ከሰዓት

ሥልጠና አታብዙ። ከተማው ሥልጠና በዝቶበታል። በሳምንት አንድ ከሰዓት ለወረቀት ሥራ መድቡ። ቲን ቁጥር ለማውጣት፣ በኢትሬድ፣ ማለትም በመንግሥት የኢንተርኔት የንግድ መመዝገቢያ፣ ንግድ ለመመዝገብ፣ የገቢና ወጪ መዝገብ ለመያዝ፣ የባንክ ቅጽ ለመሙላት። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ለሁለት ሰዓት በፈቃደኝነት ቢቀመጥ ስንቱ ይቃለላል።

ብድር ፈላጊ ካለ አንድ ነገር ንገሩት። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ለማስያዝ መንገድ ከፍቷል። ቤት የሌላት የልብስ ስፌት ባለሙያ ማሽኗን ይዛ ባንክ መነጋገር ትችላለች። በሴቶች መሥራችነት በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክም ሴት ሥራ ፈጣሪዎችን ትኩረቱ አድርጓል። ከመሄዷ በፊት ቁጭ ብላችሁ ሒሳቧን አብራችሁ አዘጋጁላት። በክፍሉ ውስጥ ዕቁብ የሚጀምሩም ይኖራሉ፤ ተዉአቸው፣ አታደራጁላቸው። እነሱ ያውቁበታል።

እግረ መንገዳችሁን ቀድሞ የተጀመረውንም እዩ። አይስአዲስ የተባለው የጀማሪ ቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪዎች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ከሕንፃ ኮሌጅ ጋር ሆኖ ሲጀምር እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አልተለመደም ነበር። የቆየ ሰው ያሳለፈውን ሲነግራችሁ የብዙ ወር ድካም ይቀንስላችኋል።

10. የመክፈቻው ሳምንት

ሪቫን፣ ኬክና ንግግር ይቆይ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል በሩን ክፈቱና መጀመሪያ የዕድር ቤቱን ልጆች አስገቡ። ማክሰኞ የሚያዩትን ጉድለት ይንገሯችሁ። የቱ ሶኬት አይሠራም፣ የቱ ወንበር ወገብ ያማል፣ የመጸዳጃ ቤቱ መቆለፊያ ለምን ይጠብቃል። እስከ ሐሙስ አስተካክሉ።

ዓርብ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰው መውጣት ሲጀምር፣ ያንን የመጀመሪያውን ደብተር አውጡ። ከ15ቱ ስም ማን እንደመጣ ምልክት አድርጉ። ምልክት የሌለባቸውን አንድ በአንድ ደውሉላቸው። መልእክት አትላኩ፣ ደውሉ።

«ምነው ጠፋሽ? ስንጠብቅሽ ነበር።»

«መጥቼ ነበር እኮ። ሊፍቱ አይሠራም ነበር፣ ልጅም ይዤ ነበር፣ ተመለስኩ።»

ጻፉት። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ሥራችሁ እሱ ነው።